ሲጠብቅ፣ ሲላላ

ዊኒፔግ፤ ጥር ወር፤ ብርዱ ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፤
ዶሪን ፍሪዘን፣ የውጭ ዜና አርታኢዋ፣ ወንበር ሳበች፤
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ መነጽር የምትፈልግ፣
ስትጠራጠር ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ።

«ሰባት ደቂቃ ነው» አለች፤ «እንደ ችሎት ምስክር ስማልኝ፤
ስትጨርስ ሳታስታምም ንገረኝ።
ራስል ቴሲዬ የኛ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ከጦርነት ጦርነት ዞሯል፤
አንዱ አንባቢ ‹ወገን ይዟል፣ ብዕሩን ሸጧል› ብሏል፤
ሌላው በዚያው ቀን ‹ጀግና ነው፣ ሸልሙልን› ይላል።
እኔ ሽልማትም ስድብም አላማረኝም፤
ሴትዮዋ ምን አሉ? ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁት። ነፋስ። የፍየል ጩኸት። የራስል ሳል።
አስተርጓሚው፦ «እማማ፣ የታፈሱት የት ናቸው ይላል።»
ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጣሉ፦
«መቶ ሰዎች ናቸው የታፈሱት፤ ጎተራው ውስጥ አሉ።»

በጋዜጣው ፊት ገጽ፣ በጣት ውፍረት ፊደል፦
«የዓይን ምስክር፦ መቶ ሰው ጎተራ ውስጥ ተቆልፎበታል።»

ግልባጩ በኛው ፊደል ነው፤ አ፣ ከዚያ ሉ፤
ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱም ተሰልፈው ይቺን አይነግሩህ፣ ምን ቢውሉ፦
ሲጠብቅ፣ ሰዎቹ አሉ፤ አሁን፣ እዚያ፣ በጎተራው፤
ሲላላ፣ እንዲያ አሉ፤ ሰው ለሰው ያወራው።
አንዱ ዓይን፣ ሌላው ጆሮ፤
ልዩነቱ አንዲት «ለ»፤ ምላስ ላይ የምትቆም፣ ወይ የምታልፍ በርሮ።

መለስኩት። መጀመሪያ ጠበቀ። እምላለሁ፣ ጠበቀ፤
ልቤም «ይኸው!» ብሎ ደለቀ፤
አፋሾቹ የተባሉት እኔ የማልወዳቸው ናቸው፣
በሰርግ በለቅሶ ስማቸው ሲነሳ ከወንበሬ ተነስቼ የምረግማቸው።
ሦስተኛ። አራተኛ። ጠበቀልኝ፣ እንደፈለግሁ።
አምስተኛው ላይ እጄ ቆመ፤ የምለምነውን ሰማሁ፦
መቶ ሰው ተቆልፎ ይገኝ፣
እኔ ልክ እንድገኝ።

ስድስተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ማንንም ሳልጠላ ልስማ አልኩ፤
አልቻልኩም፤ ድምፁን ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዚያች ቃል አሳለፍኩ።
አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ሲሮጥ፣ ከሥሩ፣ ከነፋሱ ጋር፣
እማማ ገና እያወሩ ነበር፦
«እኔስ ጉልበቴ ይዞኝ ከደጄ አልወጣሁ፤
ውሃ ቀጂዎቹ ሲያልፉ ነው የሰማሁ።»

አንድ ሰው ጥቂት ቢጠብቅ፣ ቃሉ ባልጠበቀ ነበር።

ለዶሪን ነገርኳት። የራስልን ጥሬ ዘገባ ከመሳቢያ አወጣች፣
በጣቷ መስመር በመስመር ሄደች፤
«መንደርተኞች እንደሚሉት» ይላል። «የዓይን ምስክር» የሚል የለበትም።
«ርዕሱን ማን ጻፈው?» አልኩ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አልደበቀችም፦
«እኔ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። ቦታው ጠቦኝ፣
‹እንደሚሉት› አልገባ አለኝ።»

ቆይታ፣ «እና ሰዎቹስ?» አለች። «ውሸት ነው ማለት ነው?»
«ላላ ማለት ውሸት አይደለም» አልኳት፤ «ገና ያልታየ ነው።
ውሃ ቀጂም አንዳንዴ አይቶ ያወራል።»
ሰማንያ ዶላር ፈረመችልኝ። ማረሚያው ነገ፣ ገጽ ሁለት ላይ፣ በክብሪት እንጨት ቁመት ይወጣል።

ፖርቴጅ ጎዳና፣ አውቶቡስ ፌርማታ፤ ልሳነወርቅ ደወለ፤
«አነበብክ? መቶ ሰው! ጎተራው ውስጥ አሉ» አለ።
ነፋሱ ገባበት፤ ጠብቆ ይሁን ላልቶ አልለየሁት፤
«ድገመው» አልኩት፤ አውቶቡሱ መጣ፣ አለፈ፤ ጠበቅሁት።